የአባባ ደብዳቤዎች ወደ ቤት ሲገቡ

ጥቅምት 4
የተረጎምኩትን ውል ለደንበኛ ልልክ ስል ኢሜይሌ አልከፈት አለኝ። “አካውንትዎ ለደህንነት ሲባል ተቆልፏል” ይላል። ምን አጠፋሁ? የምደውልበት ቁጥር ፈለግሁ... የለም። ቅጽ ሞላሁ። ማሽን መለሰልኝ፤ አመሰገነኝ።

ጥቅምት 7
ዛሬም ዝግ። ሥራውስ ይሁን። የአባባ ደብዳቤዎችስ? በሰባ ዓመታቸው መተየብ ተምረው፣ እስኪሞቱ ድረስ በየቅዳሜው ይጽፉልኝ ነበር። ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩም... ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 12
ተከፈተ! ለምን እንደተዘጋ የነገረኝ የለም። ደስታዬን ሳልጨርስ ንዴቱ መጣ። የቤቴን ቁልፍ ለካ የማላውቀው ሰው ይዞት ኖሯል።
ሆስፒታል ሄጄ፣ እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግነውን፣ ለቅጥነቱ ሽቦ የምንለውን ጓደኛዬን አገኘሁት። የዚያን ሁሉ ኮምፒውተር ጣጣ ብቻውን ተሸክሞ እንዴት ይወፍር?
“ኢሜይሌን ቤቴ ላስቀምጥ ብል ይቻላል?”
“ይቻላል። ሲበላሽ ግን የምትሰድበው ሰው አታገኝም፤ ራስህን ነው።”

ጥቅምት 20
ኢሜይሌን እንድትይዝልኝ ያሰብናት አሮጌዋ ኮምፒውተሬ መደርደሪያው ሥር ገብታ ታጉረመርማለች። ከሽቦ ጋር ሦስት ጊዜ አፍርሰን ሠራናት። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። “ፖስታ ቤት ልትከፍት ነው እንዴ? ቴምብሩን እኔ እልሳለሁ።”

ጥቅምት 25
የአባባን ደብዳቤዎች ሳወርድ ዋልኩ። አራት መቶ ምናምን። የድሮው ኢሜይል ማሽን በራሱ ማስታወቂያ ብሎ ከለየው ክምር ውስጥ፣ ከጫማ ቅናሽ መሃል፣ አንድ ያልተከፈተ የአባባ ደብዳቤ አገኘሁ። ሊሞቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው የጻፉት።
“ልጄ፣ ከእህትህ ጋር ያጣላኋችሁ እኔ ነኝ። ቤቱን እንሽጥ አላለችም። አዛብቼ ነው የነገርኩህ። አፍሬ ዝም አልኩ። ደውልላት።”
ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን አራት ዓመት! ቀብራቸው ላይ እንኳ ሰላም አልተባባልንም። መልስ ሲያጡ ምን ብለው ይሆን? ተቀየመኝ ብለው?

ጥቅምት 26
ለእህቴ ከአዲሱ አድራሻ ጻፍኩላት። የአባባንም ደብዳቤ አያያዝኩ።

ጥቅምት 30
መልስ የለም። አልፈርድባትም... ሽቦ ግን፣ “ትላልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች እንዳንተ ያለ አዲስ ሰርቨር አያምኑም። ቆሻሻ ሳጥኗ ውስጥ ጥለውት ይሆናል” አለኝ።
ሁለተኛ ለማሽን አልተውም። ደወልኩ።
“ማን ልበል?” ቁጥሬን አጥፍታዋለች።
“እኔ ነኝ፣ እታለም። ኢሜይልሽን ክፈቺ። የቆሻሻውን ሳጥን እዪው።”
ስታነብ ትንፋሿ ይሰማኛል።
“አባባ ይህን ጽፈው ነው እኔ አራት ዓመት...” አልጨረሰችም።

ኅዳር 9
እህቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ “ማሽኗን አሳየኝ” አለችኝ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካቻት። “ይህቺው ናት? እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎኝ።”
ከኔ ጎን ለእሷም አድራሻ ከፈትኩላት። ደብዳቤዎቹን በሙሉ ሰጠኋት፤ ለእሷ አባባ አንድም ጽፈውላት አያውቁም ነበር። የድሮውን አካውንት ዘጋሁት። “እርግጠኛ ነዎት?” አለኝ። ነኝ።
ባለቤቴ ራት ቀርቧል ብላ ሁለቴ ተጣራች። እህቴ ከወንበሩ አልነሳ አለች። “እስቲ ይህን ስማኝ” እያለች ጮክ ብላ ታነብልኛለች።
ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አላስቆምኳትም።