ቀዘቀዘ ያልሽው ሻይ

ውድ ባለቤቴ አስካልዬ፤

የፊታችን ማክሰኞ ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይሞላል። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። አርባሽ እንደወጣ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ግን የምለው ጠፋኝ። አሁን የምነግርሽ ነገር አገኘሁ፤ ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም። ጊዜው እንደምታውቂው ነው። ስለዚህ የሰው ስም አልጠራም። አንቺ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ።

በመጀመሪያ የቤታችንን ልንገርሽ። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮ ክረምት ማፍሰስ ስለጀመረ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አሁን ስተኛ የግቢውን በር አያለሁ። በር ማየት ግን እንቅልፍ አይሰጥም። ከግቢያችን ሁለት ቤት ታሽጓል። ሰዎቹ የት እንደሄዱ የሚጠይቅ የለም፤ ልጆች እንኳ በዚያ በኩል ኳስ አይጫወቱም። የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ ስምሽን ከራሽን ካርዳችን ላይ ሰረዘው። ማስመሪያ አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ካርዱን ሲመልስልኝ «እንግዲህ አንድ ሰው ነህ» አለኝ።

እኔ ያው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ በዚያችው ቆርቆሮ ሱቅ ፋኖስና የላምባ ምድጃ እጠግናለሁ፤ የፔርሙስ መስታወት እቀይራለሁ። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል። እጄ ግን ደህና ነው።

አስካልዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የተቀመጥኩት።

ትዝ ይልሻል፣ ትሠሪበት የነበረው የፒያሳው ኬክ ቤት ሲዘጋ ቀበሌው ጠርቶ ለስብሰባ ሻይና ቡና እንድታቀርቢ ያዘዘሽ ጊዜ? እምቢ ማለት እንደማይቻል እኔም አውቅ ነበር። አበባ የተሳለባቸውን ሁለቱን የቻይና ፔርሙሶች፣ ቀዩን ለቡና፣ ሰማያዊውን ለሻይ፣ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ስትሄጂ መንደሩ ያይሽ ነበር። የአራዳ ሰው ምላሱ ስለት ነው፤ ወዲያው «ጓድ ፔርሙስ» አሉሽ። ቦኖ ውሃ ላይ አንቺ ስትደርሺ ወሬ ይቆማል። ይሄን እያየሽ ዝም አልሽ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ስንቱን የሚያስለቅሱትን ሰዎች ጉሮሮ አንቺ ታርሺላቸዋለሽ» አልኩሽ። እንጀራውን አስቀመጥሽና ተነሳሽ። ያቺን ቃል መልሼ ብውጣት ምን ነበረበት።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ነሐሴ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። አመሻሹ ላይ ቀሚስሽ በሻይ ርሶ፣ አውራ ጣትሽ ተሸርክቶ ገባሽ። ምን ሆነሽ ነው ስልሽ፣ «ፔርሙሱ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ» አልሽኝ። ጣትሽን በጨርቅ ጠቀለልሽና ሽንኩርት መላጥ ጀመርሽ። ትንሽ ቆይቶ የቀበሌው ጥበቃዎች ወደ ጎረቤታችን ቤት ገቡ። ዕቃ ሲወረወር ሰማን። ልጅቷን ነበር የፈለጉት፤ አምስት ኪሎ ትማር የነበረችውን። አላገኟትም። እናቷ ደረቷን እየመታች «ጠዋት እንደወጣች አልተመለሰችም» ስትል አንቺ ቢላዋውን ይዘሽ ቆመሽ ነበር፤ ዓይንሽ ግድግዳ ላይ። እኔ ደግሞ ፊትሽን አይቼ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ስሟን ለእነሱ የሰጠሽው አንቺ መሰልሽኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ እንደከፈትኩ ጸሐፊው መጣ። ብቻውን ነበር። ሰማያዊውን ፔርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦

«ይሄ ዕቃ ተሰብሮ ነው የቀዘቀዘው፣ ወይስ ቀዝቅዞ ነው የተሰበረው?»

አልገባኝም አልኩት። በእርጋታ አስረዳኝ። ስብሰባው ላይ የሚፈተሹ ቤቶች ስም ሲነበብ አንቺ ሻይ ትቀጂ ነበር። በመካከል «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ አሙቄ ልምጣ» ብለሽ ወጣሽ። ቆይተሽ የተሰበረ ፔርሙስ ይዘሽ ተመለስሽ፤ ቀድሞ ነቅቶ ኖሯል አልሽ። «እኔ ደግሞ» አለኝ፣ «ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ከዚሁ ፔርሙስ ጠጥቼ ምላሴን አቃጥሎኛል። ይሄ የአንተ ሙያ ነው። ንገረኝ።»

ለእኔ ወደቀ ብለሽኛል። ለእነሱ ነቅቶ ቀዘቀዘ ብለሻል። ሁለት ቃል። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ አንቺን ሊወስዱሽ እንደሆነ ብቻ አወቅሁ።

ቆርቆሮውን ፈትቼ ስብርባሪውን ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት። የፔርሙስ መስታወት ከታች በኩል ሹል ጫፍ አለችው፤ አየሩ ተመጥጦ የታሸገባት ናት። እሷ ከነቃች አየር ይገባና ዕቃው ከጣሳ አይሻልም፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። የአንቺ ፔርሙስ ጫፍ ደህና ነበረች። አንዲት ጭረት እንኳ የላትም። ዕቃው በጤናው፣ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ነው የተሰበረው፤ ባየሁት ቅጽበት አወቅሁ። እሱ አንገቱን አስግጎ እጄን ያያል። በደንብ ልየው ብዬ ወደ በሩ ብርሃን ዞርኩ፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁት ጫፏን በጉጠት ቆንጠጥ አደረግኋት። ቀጭ አለች። በዚያው ቅጽበት አሳልኩ።

«ይኸው» አልኩት፣ «ጫፏ ነቅታለች። እንዲህ ሲሆን ወዲያው የተቀዳው ይፋጃል፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃ ይሆናል። ከዚያ ትኩስ ሲጨመርበት ይፈነዳል። በክረምት ብዙ ይመጣልኛል።»

ስባሪዋን ከመዳፌ አነሳና በጣቱ አሻት። «ጥሩ ባለሙያ ነህ» አለኝ። ሄደ።

ማመኑን ግን አላመንኩም፤ አንቺም አላመንሽም። በሳምንቱ አዲስ ፔርሙስ ራሱ አምጥቶ ሰጠሽ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው አጠገብሽ ይቀመጥና ከመቅዳትሽ በፊት መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ያሳርፍ እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆም «አንቺ ቅመሽው» እያለ ያጠጣሽ እንደነበር የሰማሁት ካለፍሽ በኋላ ነው። እስከምትታመሚ ድረስ እንዲህ ቀዳሽላቸው። አንድ ቀን ይወስዱሻል ብዬ ስጠብቅ፣ የወሰደሽ ያ የሆድ ሕመም ሆነ። እኔ ዝምታሽን ቂም ነው ብዬ ነበር። ስለ ፔርሙሱ አልጠየቅሁሽም፤ አንቺም አልነገርሽኝም። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ተፈራራን።

ቀብርሽ ላይ የመጣው ሰው ትንሽ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ተርፎ ነበር።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ነጠላ የተከናነበች ሴት ፋኖስ ይዛ ሱቄ ገባች። «ብርጭቆው ይቀየርልኝ» አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ያቺ ልጅ ናት። በሕይወት አለች! ገጠር ዘመድ ጋር ስትኖር ቆይታ፣ እናቷ በጠና ስለታመመች ልታያት መጥታለች። መሞትሽን እዚያው ሱቄ ውስጥ ነው የሰማችው። ባንኮኒዬን ይዛ ተንበረከከች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። በጓሮ በር እንደመጣሽ፣ ትንፋሽ እንዳጠረሽ፣ «ጫማሽን አድርጊና ውጪ፣ ምንም አትያዢ» እንዳልሻት። እግሯ አልታዘዝ ብሏት ቆማ፣ «እትዬ፣ እርስዎስ? ምን ብለው ነው የሚመለሱት?» ብላ ጠየቀችሽ። አንቺ ፔርሙሱን አየሽው፤ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አላተምሽው። ሻዩ እየጨሰ ቀሚስሽ ላይ ፈሰሰ። ደንግጣ ስታይሽ እንዲህ አልሻት፦

«አይዞሽ፤ ይሄን የሚጠግን ሰው ቤቴ አለኝ።»

አስካልዬ፣ ይሄን ስሰማ የያዝኩት የፋኖስ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። እኔ አንቺን በጠረጠርኩበት ቀን አንቺ በእኔ ተማምነሽ ነበር። አንድ ቃል ሳትነግሪኝ፣ ሳታዘጋጂኝ።

ልጅቷ ሁለት ቀን እናቷ ዘንድ ተደብቃ ቆየች። ትናንት ረፋድ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅላ ድልድዩን ተሻግራ ሄደች፤ ከሱቄ ሆኜ እስክትሰወር አየኋት። ብዙም ሳይቆይ ጸሐፊው መጣ። አሁን ሹመቱ ጨምሯል፤ ፀጉሩም ሸብቷል። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «ሐሙስ ዕለት ሱቅህ ውስጥ አንዲት ሴት ስታለቅስ ታይታለች፤ ማን ናት?» አለኝ። የባለቤቴ ዘመድ ናት፣ መርዶ ሳይደርሳት ቆይታ ነው አልኩት። «ሰኞ ቢሮ ብቅ በል» ብሎኝ ወጣ።

ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የምጽፍልሽ። ነገ እሄዳለሁ። መንደሩ ዛሬም በዚያ ስም ነው የሚያነሳሽ፤ እኔም ስምሽን ላጠራልሽ አልችልም፤ ባጠራው የልጅቷ እናት ትጠፋለች። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ግን እኔ እስካለሁ ድረስ ማን እንደነበርሽ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ልጅቷ ካለች ደግሞ ሁለት ነን። ቀን ሲወጣ በአደባባይ እናገረዋለሁ። ቀኑ ሳይወጣ ከሄድኩም እዚያው ስንገናኝ በእግርሽ ላይ ወድቄ እነግርሻለሁ።

ስለ ነገው አትስጊ። ያን ጊዜ የዋሸሁት ምን እንዳደረግሽ ሳላውቅ ነው። ነገ አውቄ ነው የምዋሸው።

ባልሽ ታምሩ