አራተኛው ውድቀት

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ባቄላ ቀቀልኩ። በዛ። ሚስቴ ኒንፋ ካረፈች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም ለሁለት ሰው እቀቅላለሁ።

እግሬን ለብ ባለ ውሃ ስዘፈዝፍ ያችን የጎደለች ጣቴን አየኋት። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት። ድንጋይ ስንፈነቅል የቀረች። መንደሩ ሁሉ ያውቃታል... ለዚህ አይደል እንዴ ያልሸፈንኳት?

ይኸው ጻፍኩት። ለካህን እንኳ አልተናገርኩትም።

የስቅለት ዕለት መስቀሉን የሚሸከመው ሰው ቀይ ቆብ እስከ አንገቱ የሚያጠልቀው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። ከአባ ኤጂዲዮ በቀር ማንም አያውቅም። ባዶ እግሩን ይሄዳል። ኒንፋ ያረፈች ዓመት የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ አባ ነጭ ጨርቅ ሰጥተውኝ ነበር። «እግርህን ጠቅልል ካታልዶ፤ ጣትህ ታሳብቅብሃለች» ብለው። ኪሴ ከተትኩት። በኋላ ረሳሁት አልኩ። አልረሳሁም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ሥጋ ሻጩ ጥሩ ጥሩውን ይቆርጥልኛል። «የኛ ጻድቅ» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ... ደፋ ማድረጉም ያምርብኛል መሰለኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባ ዘንድ ገባሁ። መስቀሉን ዘንድሮም ስጡኝ ልል። ለኒንፋ ነፍስ ነው አልኩ። ለኒንፋ ነው?

«ተራው የሌላ ሰው ነው» አሉ።

«የጀርላንዶ እንዳይሆን ብቻ!»

ጀርላንዶ የኒንፋ ወንድም ነው። ቤተ ክርስቲያን በሩ አጠገብ ቆሞ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚወጣ፣ ለእኔ ባርኔጣውን የማያነሳ። «እሱ እኮ አባ፣ በወጉ ማማተብ እንኳ የማያውቅ...»

አባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ዓመት ተራው የማን የነበረ ይመስልሃል? የእሱ ነበር። ስንት ዓመት ጠብቆ። ኒንፋ ስታርፍ መጣና፣ ለካታልዶ ይስጡት፣ ሐዘኑ ይውጣለት፣ እንዳይነግሩት ብቻ አለኝ። ቃሌን ጠብቄ ነበር። አንተ ስታማው ግን አላስቻለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

መጋቢት 15

አልበላሁም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ጀርላንዶን የሎሚ ዛፎቹን ሲገርዝ አገኘሁት። መሰላል ላይ።

«እስቲ አንዴ ውረድ» አልኩት።

«አንተ ውጣ። ለሰማይ የምትቀርበው አንተ አይደለህ?»

ተንበረከክሁ። ጭቃ ነበር። ሁሉን ነገርኩት። ጨርቁን፣ ጣቴን፣ አባ ዘንድ ያማሁትን...

ወረደ። «ተነስ ባክህ። ሱሪህን ማን ሊያጥብልህ ነው?»

«ይቅር በለኝ።»

«ብዬሃለሁ። ያችን ጣት ያኔውኑ አይቻታለሁ። አውቀህ መሆኑንም። በወጉ መስቀል ተሸካሚው እንደ ጌታችን ሦስት ጊዜ ነው የሚወድቀው፤ አንተ አራት ጊዜ ወደቅህ። አራተኛዋ ለማን ነበረች?»

ሳቀ። መጋዙን አንስቶ ተመልሶ ወጣ። ባርኔጣውን አላነሳልኝም።

አራተኛዋ... ማንም ያልቆጠረብኝ መስሎኝ ነበር። አበልጄ ፎርቱናታ ደጅ ነው የወደቅኩት። በሯ ላይ ፋኖስ ይበራ ነበር። ብርሃኑ እግሬ ላይ እንዲያርፍ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ፎርቱናታ የተጎነጎነ ዘንባባ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ፣ ሴቶች ፊት። «ይኸው ለአበልጄ፣ ለጻድቁ!» ልጇን ካሎጄሮን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባሕር የበላውን።

«ኧረ አበልጄ፣ እኔ ጻድቅ አይደለሁም።»

«ሰማችሁት? ሰማችሁ ትሕትናውን?»

ጉድ እኮ ነው። ብናገር ትሕትና፣ ዝም ብል ትሕትና። ቤተ ክርስቲያን መሃል ቆሜ ብናዘዝስ? ያለቅሱልኛል። ገና ሳስበው ሲያለቅሱልኝ እያየሁ ነበር... ደስ እያለኝ። ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልብ የት ይጣላል?

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ቤቷ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። ግባ አለች፤ አልገባሁም።

«አበልጄ፣ ያኔ እደጅሽ የወደቅኩት ፋኖስሽ ስለበራ ነው። ጣቴን እንድታዩልኝ።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ለካሎጄሮ መስሎኝ...» አለች። «ለልጄ ነፍስ የተንበረከክህ መስሎኝ። የወደቅህበት ድንጋይ ላይ በየዓመቱ ሻማ አበራለሁ እኮ።»

«አላሰብኩትም። ስሙም ትዝ አላለኝ።»

አላለቀሰችም። ትሕትና ነው አላለችም። «ሂድ ከፊቴ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ሚያዝያ 8

መንደሩ ሰምቷል። ሥጋ ሻጩ ገና ከበር ሳልገባ «ጣትህ እንዴት አደረች?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አጥንት ብቻ መዘነልኝ። ፊቴ ጋለ። ልመልስለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር... ዋጥኩት።

አባ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ነጩን ጨርቅ አጥቤ መለስኩ። ከዚያ መጥረጊያውን ለመንኩ። ለባዶ እግሩ ሰው ከፊት ከፊት ጠጠርና ስብርባሪ የሚጠርግ ሰው አለ፤ በየዓመቱ የሚለመን እንጂ የሚለምን የለም። ቆብ የለውም። ፊቱ ይታያል።

«እሺ» አሉ አባ። «ይህንንም እንዳትወደው ብቻ።»

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ጠረግሁ። ከላይኛው መንደር እስከ ወደቡ።

ከኋላዬ የመስቀል ተሸካሚው የእግር ሰንሰለት ድንጋዩ ላይ ይጎተታል። ማን እንደተሸከመ አልጽፍም። እዚህም። እግሮቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስት ብቻ።

ከሰገነት አንዱ «ካታልዶ! ዘንድሮ ጫማ አደረግህ?» ብሎ ጮኸ። ቀና አላልኩም። ነገሩ አሞኛል፣ አልዋሽም።

ፎርቱናታ ደጅ ደረስን። ፋኖሱ በርቷል። ድንጋዩ ላይ ሻማ የለም። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ በሯ ላይ ቆማለች። ቶሎ ጠርጌ ላልፍ ስል በጣቷ ወደ መሬት አሳየችኝ።

«እዚህ ጋ ጠጠር ቀርቷል» አለች።

ጎንበስ ብዬ በእጄ ለቀምኩት። የካሎጄሮን ስም በልቤ ጠርቼ መጥረጌን ቀጠልኩ።