በአንድ ቀን ስለተበላው ፈረስና ስላልተጨረሰው ትምህርት

ለተከበሩ የብድር ተቋማችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ ቶልኩንቤክ
ናሪን ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በዚህ ውርጭ እንኳ ለማይቀዘቅዘው ቢሮዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ባሏ የሞተባት ቡሩልቻ ደጋግሜ ጽፌልዎ መልስ ስላላገኘሁ፣ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ይህችን ደብዳቤ በመንደራችን ሱቅ በር ላይ ለጥፌአታለሁ። እርስዎ ባያነቧት ጎረቤት ያነባታል።

፩ኛ. አምና እኛን ተበዳሪ ሴቶች ሰብስባችሁ ስለ ሕይወት ግብ ስላሠለጠናችሁን አመሰግናለሁ። የእኔ ግብ ልጄ ሳልታናት የአዋላጅነት ትምህርቷን እንድትጨርስ ነው ብል፣ ወጣቷ አሠልጣኝ «እናቴ፣ ይሄ ከገቢዎ ጋር አይሄድም፤ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉትስ?» አለችኝ። ዕዳዬን ዝቅ አድርጊው ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

፪ኛ. ለትምህርት አናበድርም፣ ለከብት እርባታ ግን ደስ እያለን ስላላችሁኝም ምስጋና ይድረሳችሁ። የባለቤቴ ሙት ዓመት ደርሶ ነበርና በዚያው ብድር ፈረስ ገዛሁ። በእኛ አገር ፈረስ ያልታረደለት ሙት ቤተሰቡን አንገት ያስደፋል። የብድር ሠራተኛችሁ ኤርኪንም ከሽማግሌዎች ጎን ተቀምጦ፣ የክብሩን ሥጋ ተቀብሎ፣ መረቁን ጠጥቶ መርቆን ሄደ። ባለፈው በጋ ግን መጥቶ ፈረሱ ለምን እንዳልረባ ሲጠይቀኝ፣ ከልቡ አዝኖ ነበር።

፫ኛ. ይኸው ኤርኪን በመስከረም ደጄ ላይ ቆሞ «እትዬ ቡሩልቻ፣ የምሥራች! ስጦታዬን ወዲህ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ፈተናዋን ያለፈች መስሎኝ፣ የምሥራች ነጋሪም ባዶ እጁን አይሸኝምና፣ የባለቤቴን የሱፍ ባርኔጣ አውጥቼ ሰጠሁት። ባርኔጣውን ደፍቶ ሲያበቃ፣ አሮጌውን ብድር የሚከፍል ከእሱ የሚበልጥ አዲስ ብድር እንደተፈቀደልኝ ነገረኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ባርኔጣውን መልስ ማለት ነውር ስለሆነ ተውኩለት፤ ፈረምኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠር ሰልችቶኛል። በወተቷ የሳልታናትን የቤት ኪራይ ትከፍል የነበረችው ላማችን በኅዳር በዕዳ ተይዛ፣ ተነድታ ወደ እናንተ ሄደች፤ ሳልታናትም ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀራት አቋርጣ ሞስኮ ገባች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ክፍያዎ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን እስከ መጋቢት ይዞላታል። ክፍያውን እስክትመረቅ ቢያቆዩልኝ ትመለሳለች፤ የምለምንዎም ይህንኑ ብቻ ነው። ደክሞኛል ክቡር ሆይ፤ ማታ ስተኛ ደክሞኝ፣ ጠዋት ስነሣም ደክሞኝ ነው።

ከዚህ ትሕትና በቀር የሚያዝ ንብረት ያልቀረኝ፣ ለተቋምዎ ዕድገት በየወሩ የምተጋ አክባሪዎ፣

ቡሩልቻ

ማስታወሻ፦ ምራትዎ በሚያዝያ እንደምትወልድ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ በሰላም ያገላግላት። በወረዳችን የነበረችው ብቸኛ አዋላጅ በጥር ጡረታ ወጥታለች። በእሷ ቦታ የምትገባው ልጅ ደግሞ የእርስዎን ገንዘብ ለመክፈል ሞስኮ የገበያ አዳራሽ ወለል ትወለውላለች።