ማርሽ የወጣበት ቁልቁለት

ለተከበሩ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የክረምቱ ቁር እንዴት አደረገው? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

አባዬ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ዳግም መሪ ጨበጥሁ። ፀደይ የምትባል የዓይን ሐኪም አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ ቫን አለቻት፤ በየገጠሩ እየዞረች ስታክም የምታድረው እዚያው ውስጥ ነው። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ፍሪሲዮን የላትም፣ ግራ እግር አትጠይቅም። አንድ እግር ለቀረኝ ለእኔ ተለክታ የተሰፋች ናት። ሐኪሟም ሳታንገራግር ቁልፉን ሰጠችኝ።

ማክሰኞ ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ ስንወርድ፣ ያን ጊዜ አይሱዙው ከእኔ ጋር የተገለበጠበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ፣ እጄ ሳላዘው ማርሹን ወደ ባዶ ገፋው። ሐኪሟ ደንግጣ፣ ምን እያደረግህ ነው፣ ወደ ዝቅተኛው መልሰው፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል አለችኝ። መለስሁት። አሮጊቷ መኪና እያጓራች፣ እያዘገመች ወረደች፤ ፍሬን የነካሁት ሁለቴ ቢሆን ነው። ታች ስንደርስ ዳር ይዤ አለቀስሁ።

እውነቱን ልንገርዎ። ያን ቀን እህል ጭኜ ስወርድ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሽ አውጥቼ በባዶ ለቅቄው ነበር። መኪናው ሲያመልጠኝ በፍሬን ብቻ ልይዘው ታገልሁ፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለ። መካኒኩ እንግዳው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ፍሬኑን አሳምሮ ነበር የሠራልን። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ፍሬን በጠሰ ብዬ ስዋሽ፣ እርስዎ ጋራዡ ድረስ ሄደው በሰው ፊት አዋረዱት፤ ከእርሱ ጋር ጽዋ አልጠጣም ብለውም ከሚካኤል ማኅበር ወጡ። ዛሬ አዲስ ቅዳም ውስጥ መኪናውን ለእርሱ የሚሰጥ የለም አሉ። ያ ሁሉ ሲሆን አፌን ይዤ ተቀመጥሁ። አፍሬ ነው አባዬ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ለመጠየቅ እንግዳው ደጅ ላይ እወድቃለሁ።

ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው እያሉ ማርሽ ማውጣትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አልወቅስዎትም፤ የእኛ አገር ሹፌር ሁሉ እንዲያ ነው። ግን በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሁሉን ነገር ሲጠይቁኝ፣ ማርሹ ስንት ላይ ነበር ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ድንጋዩን እኔ እሸከመዋለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ብቻ ይቁሙልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ