ዳግም የሚሰበር እግር

ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? የቆላው ንዳድ ደብረ ሲና ድረስ ወጥቶ እንደማያገኝህ አውቃለሁ። የጣሊያን ቀለብ ለሆድህ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። እናትህ ደህና ናት። ከግመሎቹ ሁለቱ ቀርተዋል፤ ሌሎቹን የጌቶችህ መንገድ በላቸው። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ አፌ ጤነኛ ነው። የቀረውን እነግርሃለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ ወልደማርያም ነው፤ የድሮው የአሊዩ አምባ ቀረጥ ጸሐፊ፣ ዛሬ እንደኔ ሥራ ፈትቶ ከሸዋ ሮቢት የተቀመጠው። ቃሌን እንዳያለሰልስ በማርያሙ አስምዬዋለሁ። “አባት ለልጁ እንዲህ አይልም” ቢለኝ፣ “ልጅም አባቱ ቤት እንዲህ ለብሶ አይገባም፤ ጻፍ” አልኩት።

ያንን የጣሊያን ወታደር ካኪ ማለቴ ነው። ጠመንጃ አንግተህ ደጄ ላይ ስትቆም እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ለምን እንደተኛሁ ታውቃለህ። ጌቶችህ ለመንገዳቸው ሥራ ግመሎቼን ከነእኔ ነድተው ከጣርማ በር ግርጌ ድንጋይ ሲያስጭኑኝ፣ በባሩድ የናዱት ቋጥኝ ተንከባሎ ቅልጥሜን ሰበረው። በቃሬዛ ቁልቁል ያወረዱኝ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። አንተ ከመካከላቸው አልነበርክም።

ወጌሻዋ ዘምዘም አቀናችና በሸምበቆ አሰረችኝ። የዚያች ሴት ምላስ ከእጇ ይብሳል። “አያ ሳልህ፣ አጥንት እንደ ሙሽራ ነው፤ ከጫጉላው ቶሎ ካወጡት ይበላሻል። አንቱ ደግሞ ኩራትዎ ከእግርዎ ይረዝማል። መሬት ረግጠው ባገኝዎ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም” አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ለሴት እሺ ማለት እንዴት እንደሚያንቅ እናትህን ጠይቃት። የአብሽ ውሃ በማር፣ የግመል ወተት፣ የቅልጥም መረቅ ያመጡልኝን ሁሉ ጠጣሁ። ሶላቴንም ተኝቼ ሰገድኩ፤ አላህ ያውቅልኛል። ኋላ ትኩሳቱ ለቀቀኝና ስብራቱ ይበላኝ ጀመር። ዘምዘም ይህን ስትሰማ “ገጠመልዎ!” ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

አንተ የመጣኸው ያኔ ነው፤ ዱቄትና የቆርቆሮ ሥጋ ይዘህ። “አባ፣ አይነሱ፣ ይተኙ” አልከኝ። ቃሉ የልጅ ቃል ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲገባ አባት አይነሳም፤ የሚነሳው ለእንግዳ ነው። እኔም ተነሳሁልህ።

ያን ጊዜ አልገባህም። ጭራሽ ደስ አለህ። “ድነዋል እኮ!” ብለህ ሳቅህ። ሦስተኛው እርምጃዬ ላይ ይሁን ከዚያ በፊት፣ አጥንቴ ሲለቅ ሰማሁት። አንተ ከሳቅህ ብዛት አልሰማኸውም። በዚያ ልብስ ፊት አላቃስትም ብዬ ምርኩዜን ይዤ እስከ አጥሩ በር ሸኘሁህ፤ እንግዳ ይሸኛልና። እጄን ልትስም ስትጎነበስም እጄን ሰበሰብኩ። አንተ ከታጠፍክ በኋላ እናትህ ከአጥሩ ሥር ወድቄ አገኘችኝ።

አሁን ከደብረ ሲና የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ “ልጅዎ አባቴ ድኖ፣ ቆሞ ሸኘኝ እያለ ያወራል” ይለኛል። አውራ! አባትህ የሸኘህ በተሰበረ እግር ነው።

ዘምዘም በቂም ይሁን በሥራ ብዛት ቆይታ መጣች። አጥንቱ በዚያው ጠሞ ገጥሟል። ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው፣ አልተሳደበችም። ያኔ ፈራሁ። እንዲህ ከተተወ ከግመል ኋላ መሄድ ቀርቶ ከደጅ ወደ ቤት ቂጤን እየጎተትኩ ነው የምገባው። ተሰብሮ እንደገና መታሰር አለበት አለች። ይኸው በትኩስ ውሃና በቅቤ ስታሸው ሰነበተች። የሚመጣው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ ትሰብረዋለች።

አጥንት ሲሰበር ደረት የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ደረት የሚይዘው ልጅ ወይም ወንድም እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ጉልበቱ ተፈልጎ አይደለም፤ ሰው በዚያ ሰዓት ከአፉ የሚወጣውን ባዳ መስማት ስለሌለበት ነው። አባቴን ግመል ጥሎት ወጌሻ ሲያቀናው እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ያኔ ያለውን እስከ ዛሬ ለእናትህም አልነገርኳትም። እኔም የምለውን አላውቅም። ስም እጠራ ይሆናል።

እናትህ “ጎረቤታችን ኢብሮ ይያዝህ” ትላለች። ኢብሮ ክንዱ የበሬ ጫንቃ ነው፤ አፉ ግን ወንፊት ነው። የሰማውን በማግስቱ ካራቆሬ ገበያ ላይ ይዘራዋል።

ዱቄትህን ለመንገደኛ ሰጥተነዋል። ሥጋውን በማን እጅ እንደታረደ ስለማናውቅ ለውሻ ጣልነው፤ ውሻውም አሽትቶ ተወው። ሁለተኛ እንዳትልክ። ያን ዕለት ገና ሳልነሳልህ በመኪና ወደ ጣሊያን ሐኪም ልውሰድዎ ያልከውንም አልፈልግም። የሰበረኝ እጅ አይጠግነኝም።

እናትህ አሮጌውን ሽርጥህን ከሣጥን አውጥታ አጥባ አስጥታዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በሮቢ ወንዝ ዳር የሚመጣው የእግር መንገድ ኬላ የለበትም ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ነጋዴዎች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

አላህ ከጥይት ይሰውርህ። በጥይትህ ከሚሞተው ሰው እንባም ይሰውርህ። ከሰው ፊት አያሳፍርህ፣ ከወገንህ አይለይህ። አሚን።

ኢብሮን እስካሁን አልጠራሁትም።

አባትህ