ለትንሿ አውቶቡስ ሹፌር ትኬት ስላልቆረጥን

ለመዝናኛ ፓርኩና ለሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሆቴልዎ የዋጋ ተመን በፍጹም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የተመኑን ጤንነት ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔ ባየሁት ጊዜ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየፋፋ፣ ጉንጩ እየሞላ ስለነበር ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ሰግቼለት ነው።

እኔ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ የታመመ ሰው ስለማስተናግድ ሰልፍ ምን እንደሆነ፣ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው የዕረፍት ሰሞን ባለቤቴን፣ ልጄንና ሽማግሌ አባቴን ይዤ ወደ ፓርክዎ ስመጣ ግን በዚህ ትምህርት ገና ፊደል ያልቆጠርኩ መሆኔን ተረዳሁ። ስላስተማሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ እንዳይዝረከረክም በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሆቴሉ። ክፍል ስንይዝ በስልክ የተነገረን ዋጋና ሻንጣችንን ጎትተን እንግዳ መቀበያው ስንደርስ የጠበቀን ዋጋ ዝምድና እንኳ አልነበራቸውም። እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታዋን ሳታጥፍ፣ ሰው ሲበዛ ዋጋው እንደሚጨምር አስረዳችን። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማጣራት ይወዳል። «ሰው የበዛው እኮ እኛም ስለመጣን ነው» አላት። «ልክ ነዎት ጌታዬ» አለችው። በመምጣታችን የተወደደብንን ክፍል፣ መጥተናልና ከፈልን።

ከዚህ ሌላ «የዕይታ» የሚባል ክፍያ ነበረበት። የመስኮታችን ዕይታ የዚያ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው ባቡርዎ ሐዲድ ነው። መጋረጃውን በገለጥን ቁጥር የማናውቃቸው ሰዎች ተዘቅዝቀው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እየጮኹ በአፍንጫችን ሥር ያልፋሉ። ጥርሴን የቦረሽኩት ከእነሱ ጋር ዓይን ለዓይን እየተጋጨሁ ነው። ቅሬታ አይደለም፤ ነገር ግን እነርሱም እኛን በሌሊት ልብሳችን ስላዩን፣ የዕይታውን ክፍያ ቢያጋሩን ፍትሐዊ ይሆን ነበር የሚል ትሑት አስተያየት አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መጫወቻዎቹ። «የመናፍስት ቤት» ያሉት ውስጥ ገብተን ከግድግዳ ኋላ ዘሎ የወጣው መንፈስ ጉንፋን ይዞት ኖሮ፣ ሊያስፈራራን አፉን ሲከፍት ሳል አፈነው። ሙያዬ ነውና የሳል ሽሮፕ ልጠቁመው ስል «እለፉ፣ እለፉ» ተባልን። እውነተኛው ድንጋጤ የመጣው መውጫው ላይ፣ ስንደነግጥ የተነሳነውን ፎቶ ዋጋ ስንሰማ ነው። የተሳፈርንበት ጀልባ ውኃ አንሶት መሬት ነክሶ ስለቆመ፣ አንድ ሠራተኛ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ እየገፋ አሻግሮናል፤ እግዜር ይስጠው፣ ከሞተሩ ይሻላል።

ልጄ ደግሞ የጓጓችው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዚያ ለባቡሩ። ግማሽ ቀናችንን በፀሐይ ተሰልፈን ተራዋ ሲደርስ፣ በሩ ላይ የቁመት መለኪያ ወጥቶ በአንድ ጣት አጠረች ተባለ። መለኪያው ለምን ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ እንዳልተተከለ ለጊዜው አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ቅንነታችሁ ታየኝ፤ ሰልፉ ረጅም ነውና ተራዋ እስኪደርስ ታድጋለች ብላችሁ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ አባቴ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዛሬ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ቤታቸውን አንዳንድ ቀን ያውቁታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ «የማን ቤት ነው? ጥሩ ቤት ነው» ይላሉ። እኔን ብዙ ጊዜ በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኛል፤ አቤት እላለሁ። ይዘናቸው የመጣነው ሐኪማቸው ሰው ይዩ፣ አየር ይቀይሩ ስላለን ነው። ሰው ያያሉ በሚለው ረገድ ፓርክዎ አላሳፈረንም።

ከሰዓት በኋላ «ሞቀኝ» ብለው ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ያኔ የአንዱ ትርኢት በር ተከፍቶ ሕዝቡ ባንዴ ግልብጥ ብሎ ወጣና በመካከላችን አለፈ። ክንዳቸውን ይዤ ነበር፤ ወይም የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ሕዝቡ ሲሳሳ ኮቱ እጄ ላይ ነበር፤ አባቴ አልነበሩም።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በዚያ ሕዝብ መካከል ሰው ፈልገው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሽበት ያለው ሁሉ አባትዎን ይመስላል። ትከሻውን ይዘው ሲያዞሩት ሌላ ሰው ነው፤ ይቅርታ ይጠይቁና ወደሚቀጥለው ይሮጣሉ። ልጄ «እማዬ፣ አባባ ስማቸውን ካልነገሩ ሰው እንዴት ይመልሳቸዋል?» አለችኝ።

ወደ መረጃ ክፍልዎ ሮጥኩ። አባቴ እንደጠፉብኝ፣ በድምፅ ማጉያ እንዲያስነግርልኝ ለመንኩት። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና «የጠፋው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?» አለኝ።

«ልጅ አይደሉም፤ አባቴ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።»

«ይቅርታ፣ የምናስነግረው እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት ብቻ ነው።»

«የመርሳት ሕመም አለባቸው እያልኩህ ነው!»

«ገባኝ እኮ። ግን አልፈዋል።»

እኛ ይህን ስንነጋገር ከራሳችን በላይ ያለው ድምፅ ማጉያ በፓርኩ ዓርማ ያሸበረቁ ኮፍያዎች መምጣታቸውን ሦስቴ አበሠረ። ወጣቱ ግን ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፊቴን አይቶ ሳይጨንቀው አልቀረም መሰለኝ፣ «ለምን ከትልቁ ሽክርክሪት ላይ ሆናችሁ አታዩአቸውም? ከዚያ ሁሉም ይታያል» አለን። ቀጥሎም ያለ ሰልፍ የሚያስገባውን የእጅ ማሰሪያ ሸጠልን።

ባለቤቴ በሙያው ምሰሶ ላይ ሲወጣ አይፈራም፣ ምሰሶ ስለማይዞር። የሚዞር ነገር ግን ነፍሱን ያስጨንቀዋል። ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ ገባ፣ ጫፍ ሲደርስ ገለጠ። ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው፤ «አየኋቸው! በልጆች መጫወቻው በኩል፣ ሰው የተሰበሰበበት ጋ ናቸው! ሂጂ፣ ሂጂ!» ይላል። «ምን ሆነው ነው ሰው የተሰበሰበው?» ብዬ ጮህኩ። «መኪና እየነዱ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ስለ መጫወቻዎችዎ የሰጠሁትን አስተያየት በዚህ አርማለሁ፤ ትልቁ ሽክርክሪት ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

በፓርክዎ አንድ ጥግ፣ ክብ ሐዲድ ላይ ቀስ እያለች የምትዞር ቀይ የልጆች አውቶቡስ እንዳለች ምናልባት ያውቁ ይሆናል። አባቴ በሹፌሩ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ተጣጥፈው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሕፃናት ጢም ብለዋል። «ጠጋ ጠጋ በሉ! ከኋላ ባዶ ነው!» ይላሉ አባቴ። ልጆቹ «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኻሉ። «ፌርማታ ሳይደርስ አላወርድም!» ይላሉ። ወላጆች በሳቅ ይንፈራፈራሉ። በሩ ላይ አንዲት መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ በዕድሜ ጠና ያለች የመጫወቻው ተቆጣጣሪ ቆማለች። አባቴ ዞር ብለው «ረዳት! በሩን!» ሲሏት «ተዘግቷል ጋሼ፣ ይንዱ!» ትላቸዋለች።

አባቴን እንዲህ ሆነው ካየኋቸው ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ኮታቸውን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሴትየዋ እስክረጋጋ ጠብቃ ነገሩን አስረዳችኝ። «ብቻቸውን ሲዞሩ አየኋቸውና የት ይሄዳሉ ብላቸው፣ ሥራ ረፍዶብኛል አሉኝ። ሰው እንደጠፋባቸው ገባኝ። ከዚህ ካለፉ በዚህ ግርግር ማን ያገኛቸዋል? መኪናዋ ደርሳለች ብዬ አስገባኋቸው።» በሬዲዮኗም ለአለቆቿ ደጋግማ አሳውቃ ኖሯል፤ የመለሱላት መስመሩን እንዳታጨናንቅ ነው።

ልስማት ስጠጋ የክፍሉ ኃላፊዎ መጣ፤ ያ በጆሮው ሽቦ የሰካው። አባቴን በጣቱ እያሳየ «ትኬት ቆርጠዋል?» አለ። ቦርሳዬን ከፍቼ ለእያንዳንዱ ዙር፣ ከፈለገም እጥፍ ልከፍል ተነሳሁ። «ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፣ የሥርዓት ነው» አለኝ። በፓርክዎ ውስጥ ጉዳዩ የገንዘብ ያልሆነበትን አንድ ቅጽበት በዓይኔ ለማየት ስለበቃሁ ራሴን እንደ ዕድለኛ እቆጥራለሁ።

አውቶቡሷን አስቆመ። የሴትየዋን የሥራ ሰደርያ እዚያው፣ በሕፃናቱ ፊት አስወለቃትና ወደ ቢሮ ይዟት ሊሄድ ሆነ። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው «ረዳቴን የት ትወስዳታለህ? መንገድ ላይ ነን እኮ!» አሉት። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና «አይዞሽ እህቴ፤ አባትሽ ተገኙ አይደል?» ብላኝ ሄደች። በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናበተች።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ስለ ቁርሱና ስለ ፎጣዎቹ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስቀኝ ስላልሆነ ትቼዋለሁ።

ቢሮዎ ድረስ ሄጄ ስለ ሴትየዋ ለመናገር ሞክሬያለሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኝ ወደ አስተያየት መስጫው ሳጥን መራችኝ። ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ ወረቀት የማያስገባ ስለነበረ፣ አስተያየቴን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ነገሩን እንደ ብዙ ነገር ውጬው እቀር ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ በዋናው አደባባይ የተሰቀለውን አዲሱን ማስታወቂያዎን አየሁ።

አባቴ ናቸው። ፎቅ የሚያህሉ ሆነው፣ መሪያቸውን ጨብጠው፣ ከኋላቸው ሕፃናቱ አፋቸውን በሳቅ ከፍተው። ለካ ያን ዕለት ፎቶ አንሺያችሁ እዚያ ኖሯል። ከእግራቸው ሥር በትልልቅ ፊደል «ዕድሜ የማይገድበው ደስታ!» ይላል። ሴትየዋ በሩ ላይ ነበረችና አብራ ተነስታ ኖሮ፣ ቆርጣችሁ አውጥታችኋታል፤ የቀረው የበሩን ብረት የያዘው እጇ ብቻ ነው። ያለ ትኬት የተሳፈሩትን ሰውዬ ለሕዝብ አሳያችሁ፣ ያሳፈረቻቸውን አባረራችሁ፣ እጇን ግን አስቀራችሁ። ይህን የመሰለ ቁጠባ በሆቴልዎ የሳሙና አሰጣጥ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሴትየዋን አፈላልጌ አገኘኋት። እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃት «ጻፊ፤ ስሜን ግን ተይው፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም የአባቴን ጤንነት ጠየቀችኝ። እርስዎን በሚመለከት የጠየቀችው ነገር የለም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ወይ ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቃችሁ ወደ ሥራዋም ወደ ፎቶዋም መልሷት፣ ወይ አባቴን ከዚያ አውርዱልኝ። ትናንት አባቴን ከሐኪም ስመልሳቸው መኪናችን በዚያ አደባባይ መብራት ያዘው። አባቴ በመስኮት ቀና ብለው ማስታወቂያዎን ለረጅም ጊዜ አዩት። ራሳቸውን አላወቁትም።

«ይኼ ሹፌር ደህና ሰው ይመስላል» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ደህና ሰው ነው» አልኳቸው።

ግንባራቸውን ቋጥረው እንደገና አዩት። «ምን ዓይነት አለቆች ናቸው ግን? ይህን ሁሉ ሕፃን አስጭነው ያለ ረዳት ይልኩታል?»

በሰልፍዎ ውስጥ እግሬ እስኪያብጥ በተማርኩት ትሕትና፣ ለቆረጡትም ላስቀሩትም ነገር ሁሉ እጅግ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዳግመኛ ላለመገናኘት ካለኝ ጽኑ ምኞት ጋር፣

የሹፌሩ ልጅ

ግልባጭ፦
ለአስተያየት መስጫው ሳጥን (ከተከፈተ)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ስለ ፎቶው በስልክ ላቀረብኩት አቤቱታ ቢሮዎ ለአባቴ የላከው የመግቢያ ስጦታ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ «ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ አያገለግልም» ስለሚል ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በዕረፍት ሰሞን፣ ማንነትዎን ሳይናገሩ፣ ልጆችዎን ይዘው እርስዎ ይግቡበት፤ አደራ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንዳይጠፋብዎ፤ ሰው ታገኝልዎ የነበረችውን ሴት አሰናብተዋታል።