የመኪናህ ዘይት ልክ ነው

ለልጅ ልጄ ለሳኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የሐዋሳ ዓሣ ተስማማህ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐረር ፈላና በር ድንጋይ ጋር እኩል እያረጀሁ አለሁ።

ያቺ አሮጌ ስፖርት መኪናህ ደህና ናት። ዘይቷን በየጁምዓው እለካለሁ። እንዳንተ ዳገት ላይ አቁሜ «ጎደለ» ብዬ አልጨምርም! ሜዳ ላይ ናት። ሞተሯን አሙቄ አጠፋለሁ፤ ሲነሳ እኮ ቤት ሰው የመጣ ይመስለኛል። ዘይቱ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ጠብቄ መለኪያውን አወጣለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ ከትቼ እንደገና አወጣለሁ። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ከሆነ ልክ ነው። መስመሮቹ ግን ዘንድሮ ቀጥነዋል፤ አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ በጥፍሬ ነው የምፈልጋቸው። ጎረቤታችን ረሂማ «አባባ፣ ዘይቱን እየቀመሱት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ጨው አንሶታል» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት በሩ ጋ ቆመህ አየሁህና «ሳኒ!» ብዬ አቀፍኩህ። የማላውቀው ጫት ነጋዴ ሆነህ ተገኘህ፤ ያውም ጢማም! ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለኢድ ስትመጣ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ፊቴ አትቆም። ገና ከሩቅ «አባባ» በለኝ።

አላህ ሳይውል ሳያድር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አያትህ ዚያድ